ዓባይ ያወጣት ጀልባና ቁራሌ የወሰዳት መርከብ

አንባብያን ሆይ፤ የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ትናንሽ የጦር ጀልባዎችና ስለ አጠባበቃቸው ነው ብንላችሁ፣ በተለይ በድባጤ፣ በቡለንና በማንዱራ ያላችሁት፣ «ባሕር ከእኛ ወዴት አለና!» ብላችሁ ገጹን ለመግለጥ ትቸኵሉ ይሆናል። ነገር ግን ጥቂት ታገሡን። ከድባጤ በስተደቡብ በጥልቅ ሸለቆው ውስጥ የሚወርደው ዓባይ ከመተከል ወጥቶ፣ የሱዳንን ሜዳ አቋርጦ፣ ካርቱም ሲደርስ፣ እርሱ ራሱ አንድ ክረምት ከውሃ አንሥቶ በደረቅ መሬት ላይ ያስቀመጣት አሮጌ የጦር ጀልባ ባለችበት ዳርቻ ያልፋል። የጀልባዋ ስም «መሊክ» ነው፤ በዐረብኛ «ንጉሥ» ማለት ነው። እንግዲህ ነገሩ የሩቅ ባሕር ወሬ ሳይሆን የራሳችን ወንዝ ታሪክ ነው።

ስለዚህች ጀልባ፣ ቀጥሎም በምጽዋ ወደብ ስለ ነበረችው ስለ ራሳችን መርከብ ስታነቡ፣ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን። ይኸውም ትንሽ የጦር መርከብን የሚያጠፋት ጠላት ብቻ አለመሆኑን ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠፋት፣ ጦርነቱ ካለፈ በኋላ «ይህች የማን ናት?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልስ ሰው መታጣቱ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ ከውጭው ዓለም ታሪክ ጋር ለማስተያየት እንዲመቻችሁ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን።

መሊክ በእንግሊዝ አገር በቴምዝ ወንዝ ዳር በቺዚክ፣ በቶርኒክሮፍት የመርከብ ሥራ ቤት በ1896 የተሠራች ናት። «ሡልጣን» እና «ሼክ» የተባሉ ሁለት እኅቶች ነበሯት። ርዝመቷ 44 ሜትር ያህል ሲሆን፣ አንድ ሜትር በማይሞላ ውሃ ላይ ለመሄድ ትችል ነበር፤ የዓባይ ወንዝ በበጋ ሲጎድል አሸዋው ብቅ ብቅ ስለሚል፣ ሠሪዎቿ ይህንን አስበው ሆዷን ጠፍጣፋ፣ የኋላ ቀዛፊዎቿንም በዋሻ መሰል ጎድጓዳ ውስጥ የተሸሸጉ አደረጓቸው። ከፏፏቴዎቹ በላይ በመርከብ ማለፍ ስለማይቻል ጀልባዋ በቁርጥራጭ ተከፋፍላ በባሕር፣ በወንዝና በባቡር ተጓጉዛ፣ ከበርበር አጠገብ በአባዲያ መንደር በ1897 ተገጣጠመች። አዛዥዋ ሻለቃ ጎርዶን ይባል ነበር፤ በካርቱም በ1885 የተገደለው የጄኔራል ጎርዶን የወንድም ልጅ ነው።

መሊክ የተሠራችው ለጌጥ አልነበረም። በሴፕቴምበር 2 ቀን 1898 በኦምዱርማን በተደረገው ጦርነት መድፎቿንና ማክሲም መትረየሶቿን ጭና ከወንዙ ላይ ሆና ተኵሳለች። የግመለኛው ጦር በከረሪ ኮረብታዎች አጠገብ በደርቡሾች ተከቦ ሊያልቅ በተቃረበ ጊዜ ያዳነው የእርሷ ተኵስ እንደ ሆነ በታሪክ ተጽፏል። በዚያ ቀን በአንድ ረፋድ ወደ 10,000 የሚጠጉ ደርቡሾች ሲሞቱ፣ ከእንግሊዝና ከግብጽ ጦር የሞቱት ግን ሃምሳ አይሞሉም። ስለዚህ መሊክን የሚያይ ሰው ሁለት ነገር አብሮ ያያል፤ አንደኛው የእጅ ሥራ ብልኀት ነው፤ ሁለተኛው ያ ብልኀት በሰው ላይ ምን እንዳደረገ ነው። አሮጌ የጦር መሣሪያ የሚጠበቀው ለማሞገስ ብቻ አይደለም የምንለው ስለዚህ ነው። ምስክር አድርጎ ለማስቀመጥ ነው።

ለእኛ ደግሞ ታሪኩ ሌላ ገጽታ አለው። እነዚሁ ደርቡሾች በማርች 1889 በመተማ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛን ያቈሰሉ፣ ንጉሠ ነገሥቱም በቍስሉ ያለፉበትን ጦርነት የገጠሙ ናቸው። ከኦምዱርማን ድል በኋላም የእንግሊዝ የመድፍ ጀልባዎች ጥቍር ዓባይን ሽቅብ ይዘው እስከ ሮሴይረስ ድረስ ወጡ። ሮሴይረስ ከቤኒሻንጉል ጠረፍ ብዙ የማይርቅ ከተማ ነው። የወንዙ ገደልና ፏፏቴ ባያግዳቸው ኖሮ የዛሬው መተከል ድረስ ይዘልቁ እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም። ገደላችን ስንት ጊዜ እንደ ዘብ እንደቆመልን የምናውቀው እንዲህ ያሉትን ነገሮች ስናነብ ነው።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ መሊክ ምን ሆነች? ብዙዎቹ ጓደኞቿ ተሰባብረው ብረታቸው ሲሸጥ እርሷ የተረፈችው በአንድ ቀላል ምክንያት ነው፤ ሥራ አገኘች። በ1926 በካርቱም ያለው የጥቍር ዓባይ የሸራ ጀልባ ክበብ መኖሪያው አደረጋት። መድፍ በተጠመደበት መደብ ላይ ወንበርና ጠረጴዛ ተደረደረ፤ አባሎቹም እየተቀመጡ ሻይ ይጠጡባት ጀመር። በ1939 በወጣው «አራቱ ላባዎች» በተባለው ፊልምም ላይ ታይታለች። ከዚያም በ1980ዎቹ ማብቂያ አካባቢ የዓባይ ውሃ ከልክ በላይ በሞላ ጊዜ ደራሹ አንሥቶ ከዳርቻው በላይ አስቀመጣት፤ ውሃው ሲጎድል እርሷ በዚያው ቀረች። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባል የለም? ያን ጊዜ ግን ዓባይ የያዘውን ግንድ አሳደረው። በ1994 ደግሞ በእንግሊዝ አገር በስሟ አንድ ማኅበር ተቋቋመላት፤ አባሎቹ ታሪኳን ይሰበስባሉ፤ ስለ ጥገናዋም ያስባሉ።

ሆኖም በኤፕሪል 2023 በሱዳን የተነሣው ጦርነት ካርቱምን ራሷን የጦር ሜዳ አደረጋት። ቤተ መዘክሮች ተዘረፉ፤ መዛግብት ተቃጠሉ። ይህም የሚያስተምረን አንድ ነገር አለ፤ ቅርስ አንዴ ተጠብቆ የሚያበቃ ነገር አይደለም። እንደ እሳት ነው፤ እንጨት የሚጨምርበት ሰው ከሌለ ይጠፋል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። ትልልቆቹ የጦር መርከቦች ስም አላቸው፤ ሲሠሩ ንጉሥ ወይም ንግሥት ይመርቃቸዋል፤ ሲሰምጡም ዓለም ያለቅስላቸዋል። ትናንሾቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቍጥር ብቻ ናቸው። በጦርነት ጊዜ በመቶና በሺህ እየተቈጠሩ በችኮላ ይሠራሉ፤ ሠሪዎቻቸውም አምስትና ስድስት ዓመት ካገለገሉ ይበቃል ብለው ስለሚያስቡ እንጨቱ ስስ፣ ብረቱም ቀጭን ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ ሞተራቸው ተነቅሎ ይሸጣል፤ ቀሪው አካላቸው ለዓሣ አጥማጅ፣ ለአሸዋ ጫኝ ወይም ለማገዶ ይሆናል።

ተፈጥሮም አታዝንላቸውም። ብረት ከውሃና ከአየር ጋር ሲገናኝ ይዝጋል፤ ጨው ሲጨመርበት ደግሞ ዝገቱ ይፈጥናል። የባሕር ጀልባ ቀለሟ ሳይታደስ ጥቂት ዓመት ከቆየች ብረቷ እንደ እንጀራ መቦርቦር ይጀምራል። የእንጨት ጀልባ ችግር ደግሞ ሌላ ነው። በባሕር ውስጥ ከተቀመጠች ትል ይበላታል፤ ከውሃ ወጥታ በፀሐይ ከተቀመጠች ሳንቃዎቿ ይደርቁና ይሸበሸባሉ፣ መጋጠሚያዎቹም አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ወደ ውሃ ስትመለስ እንደ ወንፊት ታስገባለች። ስለዚህ አሮጌ ጀልባን መጠበቅ ማለት አጥር ማጠርና ሰሌዳ መለጠፍ ማለት አይደለም። ጥላ፣ ቀለም፣ ከመሬት ከፍ የሚያደርግ መደብ፣ ከሁሉም በላይ በየዓመቱ የሚመለከታት ሰው ትፈልጋለች።

ትንሽ ናት ተብሎ ግን መናቅ አይገባም። በኤፕሪል 1941 የእንግሊዝ ጦር ምጽዋን ከኢጣልያኖች ሊወስድ በተቃረበበት በመጨረሻው ቀን፣ «ማስ 213» የተባለች የኢጣልያ ትንሽ የቶርፔዶ ጀልባ ወደ ባሕር ወጣች። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን የተሠራ ዐይነት፣ ያረጀች ጀልባ ነበረች። ሆኖም ከ4,000 ቶን በላይ የምትመዝነውን «ኬፕታውን» የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቶርፔዶ መታቻት፤ መርከቧም ባትሰምጥም በሌላ ተጎትታ ወደ ፖርት ሱዳን ሄደች። ጀልባዋን ግን የገዛ ባለቤቶቿ በዚያው ሰሞን አሰመጧት። ኢጣልያኖች ወደቡን ለመዝጋት ሆን ብለው ያሰመጧቸውን ብዙ መርከቦችና ተንሳፋፊ የጥገና መደቦች በሚቀጥለው ዓመት የማውጣቱን ሥራ የመሩት አሜሪካዊው መኮንን ኤድዋርድ ኤልስበርግ ናቸው።

የዚህችው ዐይነት ጀልባ በሌላ ስፍራ ምን እንዳገኘች ተመልከቱ። በጁን 1918 «ማስ 15» የተባለችው «ሴንት ኢሽትቫን» የተባለውን የኦስትሪያና የሀንጋሪ ግዙፍ የጦር መርከብ አሰመጠች፤ ዛሬ በሮማ ከተማ መካከል ባለው ታላቅ ሐውልት ውስጥ በቤተ መዘክር ተቀምጣ ትታያለች። ሌላይቱ፣ «ማስ 96»፣ በጋርዳ ሐይቅ አጠገብ በገጣሚው በዳኑንዚዮ ግቢ በጣሪያ ሥር ተጠብቃለች። ሁለቱ ተቀምጠው ሦስተኛይቱ የጠፋችው በእንጨታቸው ጥራት ምክንያት አይደለም። ለሁለቱ ሰው ቆመላቸው፤ ለሦስተኛይቱ ግን የቆመ አልነበረም።

ኢጣልያኖች የቀበሩትን ለኢጣልያኖች እንተውና፣ ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በ1955 ተቋቋመ። ዋና ሰፈሩ ምጽዋ ነበር፤ የኖርዌይ የባሕር ኃይል መኮንኖችም በማሠልጠን ረድተውታል። በጃንዩወሪ 1962 የአሜሪካ መንግሥት «ኦርካ» የተባለች መርከብ ሰጠው፤ እርሷም «ኢትዮጵያ» ተባለች። በባሕር ኃይሉ ውስጥ ከእርሷ የሚበልጥ መርከብ አልነበረም፤ የዕጩ መኮንኖችም ማሠልጠኛ ሆነች። በእርሷ ላይ ባሕርን የተማሩ የደጋና የቈላ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ከእነርሱም ውስጥ ከዚያ በፊት ከአንድ ወንዝ ሌላ ውሃ አይተው የማያውቁ ይገኙ ነበር።

ይህች መርከብ ለእኛ ትልቅ ብትሆንም በተሠራችበት አገር «ትንሽ» ከሚባሉት ወገን ነበረች። በሲያትል አጠገብ በሌክ ዋሽንግተን የመርከብ ሥራ ቤት ተሠርታ በጃንዩወሪ 1944 ሥራ ጀመረች። ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል ነው። ሥራዋ በውሃ ላይ የሚያርፉትን የጦር አውሮፕላኖች መመገብ ነበር፤ ነዳጅ፣ ጥይት፣ መኝታና ጥገና ትሰጣቸዋለች፤ አንዲት ዶሮ ጫጩቶቿን እንደምትሰበስብ ማለት ነው። በፓስፊክ ውቅያኖስ በሌይቴና በሊንጋየን ባሕረ ሰላጤዎች በፊሊፒን ደሴቶች በተደረገው ጦርነት ተካፈለች። በ1946 ደግሞ በቢኪኒ ደሴት የአቶሚክ ቦምብ ሙከራ በተደረገ ጊዜ ለዚያ ሥራ ከተሰበሰቡት መርከቦች አንዷ ነበረች። እንግዲህ በሌይቴ የጃፓንን አውሮፕላን፣ በቢኪኒ የአቶሚክን ደመና ያየች መርከብ ኋላ የአገራችንን ስም ተሸክማ በቀይ ባሕር ተመላለሰች።

ፍጻሜዋን እናንተም ገምታችሁት ይሆናል። ምጽዋ በፌብሩወሪ 1990 በኤርትራ ሕዝብ ነጻ አውጪ ግንባር እጅ ገባች። በሜይ 1991 የአሰብ ወደብ ሲያዝ የባሕር ኃይሉ ቀሪ መርከቦች የተቻላቸው ያህል ባሕሩን ተሻግረው ሸሹ፤ «ኢትዮጵያ» የመን ደረሰች። እዚያም ታስራ ቆማ ከቆየች በኋላ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በአዲስ አበባ ሰፈሮች «ቁራሌው!» እያለ የሚዞረው ሰው አሮጌ ድስት እንደሚገዛ፣ የአንዲት አገር ስም የተጻፈባት መርከብ በኪሎ ተመዝና ሄደች። በዚያው ዓመት ኤርትራ ነጻ አገር ሆነች፤ ኢትዮጵያም የባሕር በር አጣች። ሌሎቹ መርከቦች በጅቡቲ ቆይተው የወደብ ዕዳ ስለ ተከማቸባቸው በ1996 በሐራጅ ተሸጡ፤ ባሕር ኃይሉም በዚሁ ዓመት ፈረሰ።

መርከቧን ያጠፋት ምንድን ነው? የጃፓን ቦምብ አይደለም፤ ዝገትም አይደለም። በ1991 እና በ1993 መካከል ባሉት ሁለት ዓመቶች ባለቤት ያልነበራት መሆኑ ነው። አሮጌው መንግሥት ወድቋል፤ አዲሱ ሌላ ብዙ ሸክም ነበረበት፤ ባሕርም አልነበረውም። ማንንም ለመውቀስ አንጽፍም። በዚያ ጊዜ ለእንጀራና ለሰላም ከማሰብ በፊት ስለ አሮጌ መርከብ አስቡ ማለት ቀልድ ይመስል ነበር። ነገር ግን ደወሏ፣ የስሟ ሰሌዳና የጕዞ መዝገቧ በአንድ ሣጥን ተጭነው አገር ቤት ቢገቡ ኖሮ ብዙ ወጪ ባልጠየቀ፣ ዛሬም ልጆቻችን በእጃቸው የሚዳስሱት ነገር በኖራቸው ነበር።

«ኖርዌዮችስ ምን አደረጉ?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ለባሕር ኃይላችን መምህራን የሰጠችን ይህችው አገር ጥሩ ምሳሌ ትሰጠናለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኖርዌይ በጀርመኖች ተይዛ ሳለ፣ ከሼትላንድ ደሴቶች እየተነሡ ስደተኞችን የሚያወጡ፣ መሣሪያና ሰላዮችን የሚያስገቡ ጀልባዎች ነበሩ። አሜሪካኖች በ1943 «ሂትራ»፣ «ሄሳ» እና «ቪግራ» የተባሉ ሦስት የእንጨት ጀልባዎች ለዚህ ሥራ ሰጧቸው፤ ሦስቱም ጦርነቱን በሙሉ አንዲት ሳትጠፋ ጨረሱ። ሰላም በሆነ ጊዜ ግን ተረሱ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሂትራ በስዊድን ወደብ ግማሽ አካሏ ሰምጦ ተገኘች። ኖርዌዮች አንሥተው ወደ አገሯ ወሰዷት፤ ሳንቃዋን አድሰው በ1987 መልሰው ባሕር ላይ አወጧት። በጦርነቱ ጊዜ ያገለገሉባት አሮጌ መርከበኞችም እንደገና ሊረግጧት በቁ።

በእንግሊዝ አገርም «ኤል ሲ ቲ 7074» የተባለች ታንክ ወደ ባሕር ዳርቻ ማውረጃ ጀልባ አለች። በጁን 1944 በኖርማንዲ ከወረዱት ከ800 በላይ የዚህ ዐይነት ጀልባዎች የቀረችው እርሷ ብቻ ናት። ከጦርነቱ በኋላ በሊቨርፑል የዳንስ ቤት ሆነች፤ ኋላም ተረስታ በወደቡ ሰመጠች፤ በ2014 አወጧት፤ ተጠግና በ2020 በፖርትስመዝ በቤተ መዘክር አጠገብ ተቀመጠች። በአሜሪካ ደግሞ «ፒ ቲ 305» የተባለችው የቶርፔዶ ጀልባ ከጦርነቱ በኋላ ተሸጣ፣ አካሏ ተቈርጦ አጥሮ፣ ቀንድ አውጣ መሰል የባሕር እንስሳት ለሚያጠምዱ ሰዎች ስታገለግል ኖረች። በተሠራችበት በኒው ኦርሊንስ ከተማ ያሉ በጎ ፈቃደኞች፣ አብዛኞቹም ጡረተኞች፣ የተቈረጠውን ቀጥለው በ2016 ወደ ውሃ መለሷት።

ከአፍሪካ ምሳሌ ብትፈልጉ በታንጋኒካ ሐይቅ ላይ ያለችውን «ሊምባን» ተመልከቱ። ጀርመኖች በ1913 ሠርተው በሣጥን ከፋፍለው ካመጧት በኋላ በ1915 ሐይቁ ላይ አወረዷት፤ በጦርነቱም አገለገለች። በ1916 ሲሸነፉ ጠላት እንዳይወስዳት አሰመጧት። ነገር ግን የሚያሰምጧት መሐንዲሶች፣ አንድ ቀን ትነሣ ይሆናል ብለው፣ ሞተሯን በወፍራም ግራሶ ቀቡት። እንዳሰቡትም በ1924 እንግሊዞች አወጧት፤ ሞተሩም ደኅና ነበር፤ በ1927 ሰውና ዕቃ ማመላለስ ጀመረች። ዕድሜዋ እነሆ ከመቶ ዓመት አልፏል። የሐይቁ ውሃ ጨው የሌለበት መሆኑ ረድቷታል፤ ግራሶውን የቀባው እጅ ግን ከሁሉ ይበልጥ ረድቷታል። እየተሸነፈ ለማያውቀው ተከታይ የሚያስብ ሰው፣ አንባብያን ሆይ፣ እርሱ እውነተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ታሪኮች የሚገኘው ትምህርት አጭር ነው። የተረፈች ጀልባ ሁሉ ከሦስት ነገሮች ቢያንስ አንዱን አግኝታለች። አንደኛው ሥራ ነው፤ መሊክ ክበብ፣ ሊምባ ማመላለሻ ሆነዋል። ሁለተኛው ኀላፊነቱን የወሰደ ማኅበር ወይም መሥሪያ ቤት ነው። ሦስተኛው ጽሑፍ ነው፤ ቍጥሯ፣ ስሟና ያደረገችው ነገር በመዝገብ ባይገኝ ኖሮ በስዊድን ወደብ የሰመጠችውን እንጨት ሂትራ ናት ብሎ የሚያውቅ ማን ነበር?

«የመማሪያ ወንበር ያልሞላለት ትምህርት ቤት እያለ ለአሮጌ ብረት ገንዘብ ይወጣልን?» የሚል ተቃዋሚ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም ሁሉም ጀልባ ይቀመጥ አንልም፤ ይህ በሀብታም አገርም አይቻልም። ከብዙ አንዲቱ ትመረጥ፤ የቀሩት በፎቶግራፍና በጽሑፍ ይቀመጡ እንላለን። ሌላም ተቃውሞ አለ። የባሕር ኃይላችን ታሪክ ደስታ ብቻ አይደለም፤ ወንድም ከወንድሙ ጋር የተታኰሰበት ዘመንም በውስጡ አለ። እርሱም ቢሆን የማይጻፍበት ምክንያት አይታየንም። ያልተጻፈ ሐዘን ተረት ይሆናል፤ ተረት የሆነ ሐዘን ደግሞ ሰውን መልሶ ያጣላል።

አሁን የቀረን ምንድን ነው? ከባሕር ኃይሉ ጥበቃ ጀልባዎች አንዲቱ፣ «ጂ ቢ 21» የተባለችው፣ ወደ ጣና ሐይቅ መወሰዷ ይታወቃል። ባሕር ኃይሉ ራሱም ከ2018 ወዲህ እንደገና መቋቋም ጀምሯል። ከሁሉ የሚበልጠው ቅርስ ግን ብረት አይደለም። በየከተማው፣ በየገጠሩ ያሉ የቀድሞ መርከበኞች ናቸው። በምጽዋ በሃያ ዓመቱ መልሕቅ የሳበ ወጣት ዛሬ ሽማግሌ ነው። በአንዳንዱ ቤት ሣጥን ሥር ነጭ የደንብ ልብስ፣ የመርከብ ስም የተጻፈበት ቆብ፣ ጀርባው ላይ ምንም ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ ይገኛል። ሽማግሌው ሲያልፍ ፎቶግራፉ የማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ በዓመቱ ልጆቹ ቤት ሲያጸዱ ከቆሻሻ ጋር ይጥሉታል።

ተማሪዎች ሆይ፤ ሥራው ከእናንተ ይጀምራል። በሰፈራችሁ ወይም በዘመዳችሁ መካከል የቀድሞ ባሕረኛ እንዳለ ጠይቁ። ካለ፣ በዕረፍት ቀን ሄዳችሁ በአክብሮት ተቀመጡ፤ «አባባ፣ በየትኛው መርከብ ነበሩ? በስንት ዓመተ ምሕረት? አብረዎት የነበሩት እነማን ናቸው?» ብላችሁ ጻፉ። ፎቶግራፉን አትውሰዱባቸው፤ እያስፈቀዳችሁ አንሥታችሁ መልሱላቸው። በፎቶግራፉ ጀርባ ላይ ስም፣ ቦታና ዓመት በእርሳስ ይጻፍ፤ እስክሪብቶ እየዋለ ወደ ፊት በኩል ያሳልፋልና። ቅጂውን በአዲስ አበባ ያለው፣ ድሮ «ወመዘክር» ይባል የነበረው የአገሪቱ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ሊያስቀምጥላችሁ ይችላል።

በመሥሪያ ቤት ያላችሁ ወጣቶች ደግሞ ከዚህ የከበደ ሥልጣን በእጃችሁ አለ። አሮጌ ንብረት ሲወገድ ዝርዝሩን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። «አሮጌ ጀልባ፣ 1» ብሎ መጻፍና «በእንዲህ ያለ ዓመት የተሠራች፣ በእንዲህ ያለ ስፍራ ያገለገለች፣ ቍጥሯ እንዲህ የሆነ ጀልባ» ብሎ መጻፍ በወረቀት ላይ የአንድ መስመር ልዩነት ነው፤ በታሪክ ላይ ግን የመኖርና የመጥፋት ልዩነት ነው። ሐራጁ ከመውጣቱ በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑን በአንድ ደብዳቤ መጠየቅም ከባድ ሥራ አይደለም። የበላይ ሹም «ይህ ምን ያደርጋል?» ቢላችሁ በትሕትና አስረዱ፤ ማስታወሻውንም ከፋይሉ ጋር አያይዙ።

ይህ ምክር ለድባጤ ሰው የሩቅ መስሎ አይታየው። በዚሁ በመተከል፣ በጉባ፣ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በሴፕቴምበር 2025 ተመርቋል፤ ከኋላውም እስከ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዘው ንጋት ሐይቅ ተኝቷል። ትናንት ገደል የነበረው ዛሬ ጀልባ የሚሄድበት ውሃ ሆኗል። በዚህ ሐይቅ ላይ መጀመሪያ የሄዱት ጀልባዎች ዛሬ ማንም ቅርስ አይላቸውም፤ ገና አዲስ ናቸው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ግን አንድ የድባጤ ተማሪ «የመጀመሪያይቱ ጀልባ የትኛዋ ነበረች? ማን ነዳት? አሁን የት አለች?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ የሚገኘው ዛሬ ከተጻፈ ብቻ ነው።

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ለብዙ ነገር ይነገራል፤ ለታሪክም ይሆናል። በውሃ ዳር እየኖርን በውሃው ላይ ያለፈውን ካላወቅን ተረቱ በእኛ ላይ ደረሰ ማለት ነው። በቤታችሁ ሣጥን ሥር ስም ያልተጻፈበት አንድ የመርከበኛ ፎቶግራፍ ካለ፣ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ዛሬ ማታ ጠይቃችሁ ጻፉበት።